ሙዐይቂብና የዑመር ማዕድ

 

የዛሬው ማስታወሻችን በኹጥባ ላይ እምብዛም ስለማይነሳ ጉዳይ ነው። ስለ ኤችአይቪ ነው። ታላላቆቻችን በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት፣ በየግድግዳው ሲሰሙትና ሲያነቡት አድገዋል። እኛ ጋ ሲደርስ ወሬው ቀዘቀዘ። ወሬው ቀዘቀዘ እንጂ በሽታው ከመካከላችን አልወጣም።

እስቲ አንድ ወጣት አስቡ። ጁሙዓ ጁሙዓ ከጎናችሁ ሶፍ ላይ የሚቆም ወጣት። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሲነካ እየተንኳኳ እንዳያጋልጠው ውስጡን በጥጥ ሞልቶታል። ማታ ጓደኞቹ ቀድመው ካልተኙ ክኒኑን ሳይውጥ ያድራል። ከሞት ይልቅ የጓደኞቹን ዐይን ይፈራል። ይህ ወጣት ቢያማክራችሁ ምን ትሉት ነበር? መልሱን ከመመለሳችን በፊት ወደ ሰሐቦች ዘመን እንሂድ።

ሙዐይቂብ ማን ነበሩ?

ሙዐይቂብ ኢብን አቢ ፋጢማ (ረ.ዐ) በመካ ቀደም ብለው ከሰለሙት ሰሐቦች አንዱ ናቸው። የሲራ ጸሐፊዎች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ይቆጥሯቸዋል። ማለትም የኛን አገር አፈር የረገጡ ሰው ናቸው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማኅተም የመጠበቅ አማናም ተሰጥቷቸው ነበር። እኚህ ታላቅ ሰው በኋላ የሥጋ ደዌ ያዛቸው። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ እጅግ የሚፈራ፣ ሰው የሚሸሸው በሽታ ነበር።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ታዲያ ምን አደረጉ? ኢብን ሰዕድና ሌሎች ዑለማዎች ካቆዩልን ዘገባዎች ሦስት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ኃላፊነታቸውን አልነጠቋቸውም። ሙዐይቂብ የበይተል ማል ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። የሙስሊሞች ገንዘብ በታመመ ሰው እጅ ነበር፤ ምክንያቱም አማና የሚለካው በቆዳ ሳይሆን በልብ ነው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት ፈለጉላቸው። ዑመር መድኃኒት ያውቃል የተባለን ሰው ሁሉ ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻ ከየመን ሁለት ሰዎች መጡ። እነሱም በሽታውን ከሥሩ ማጥፋት እንደማይችሉ፣ ነገር ግን እንዳይብስ የሚያቆመው ነገር እንዳላቸው ተናገሩ። ዑመርም በሽታው ባለበት መቆሙ ራሱ ትልቅ ዓፊያ መሆኑን ገልጸው ተቀበሉ። ሰዎቹ ሐንዘል የሚባለውን መራራ የበረሃ ፍሬ አስመጥተው፣ ለሁለት እየከፈሉ የሙዐይቂብን እግር አሹበት። ዘገባው በሽታው ከዚያ በኋላ እንዳልጨመረ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ አብረዋቸው በሉ። ምግብ ቀርቦ ሌሎች ሰዎች ሲፈሩ፣ ዑመር ሙዐይቂብን ከፊታቸው ካለው እንዲበሉ ነግረዋቸው ከአንድ ሳህን አብረው ተመገቡ።

የዛሬው ትምህርታችን እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ በሽተኛን አለመግፋት፣ መድኃኒት መፈለግ፣ ማዕድ አለመለየት። ዛሬ ባለሙያዎች በኅብረተሰብ ውስጥ የሚሰጥ የኤችአይቪ ምርመራ፣ ሕክምናና ድጋፍ የሚሉት አገልግሎት ቢፈታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

መጀመሪያ ማወቅ

ያልታወቀ በሽታ አይታከምም። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሰዎች 0.9 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን በዚሁ ጥናት በገጠር 0.4 በመቶ የነበረው በከተማ 2.9 በመቶ ነበር። ይህም ማለት ከ100 የከተማ ሰዎች ወደ 3 የሚጠጉት ማለት ነው። ጁሙዓ ሰግደን ስንወጣ በመስጂዱ በር ስንት መቶ ሰው አብሮን ይወጣል?

ምርመራው ቀላል ነው። ከጣት ጫፍ ጥቂት ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ ውጤቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ የለውም። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አለ ቢል እንኳ በእሱ ብቻ አይወሰንም፤ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይረጋገጣል። በአንዳንድ ቦታዎች ደግሞ ሰው በምራቅ ራሱን በራሱ የሚመረምርበት ኪት አለ። እሱም ቢሆን አለ ካለ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

አንድ ነገር አስተውሉ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ እንደገባ ወዲያውኑ በምርመራ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ዛሬ ነፃ ቢባልም ከ3 ወር በኋላ ይድገመው። ተገዳ የተደፈረች እህት፣ ወይም መርፌ የወጋው ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ይህችን ቁጥር ለጓደኛችሁ ንገሩ፤ 72 ሰዓት። በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ስለ ኒካህም እንነጋገር። ብዙ ቤተሰቦች ከኒካህ በፊት ምርመራ ይጠይቃሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ችግሩ ሠርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ካርድ ከተበተነ፣ በሬው ከተገዛ በኋላ መሄዳችን ነው። ያን ጊዜ ውጤቱ ያልተጠበቀ ከሆነ ልጅቷም ልጁም በሰው ፊት ይጋለጣሉ። ነገሩ ገና ሽማግሌ ሳይላክ በጊዜው ይሁን፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።

ውጤቱ አንዱ ጋ ቫይረሱ አለ ቢልስ? ከትዳር ለዘላለም ተከለከለ ማለት አይደለም። እውነቱን ተነጋግረው፣ ሕክምና ተጀምሮ፣ የሐኪም ምክር ተሰምቶ የሚጋቡ አሉ። ሐራም የሚሆነው መደበቅና ማታለል ነው። የሌላውን ነፍስ አደጋ ላይ ጥሎ ዝም ማለት ዙልም ነው።

ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ ለመሄድ ሜዲካል ያደረጋችሁም ትኖራላችሁ። የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ቫይረሱ ላለበት ሰው የሥራ መኖሪያ ፈቃድ አይሰጡም። ስለዚህ አንዳንድ እህቶች ስለ ራሳቸው የሚያውቁት ያን ቀን ነው። «ሜዲካል ወደቀች» ተብሎ ወሬው ሰፈር ይደርሳል፤ እሷ ግን ማን ጋ እንደምትሄድ የነገራት የለም። እህቴ፣ የቀረው ጉዞው ነው፤ ሕይወትሽ አልቀረም። በማግስቱ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እዚያ ውጤቱ እንደገና ይረጋገጣል፤ ሕክምናውም እዚያው ይጀመራል።

ቀጥሎ መታከም

የየመኖቹ ሰዎች ለዑመር የተናገሩትን አስታውሱ። ከሥሩ አናጠፋውም፣ እናቆመዋለን ነው ያሉት። የዛሬው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣም፤ መራባቱን ግን ያቆመዋል። ሲቆም የሰውነት የመከላከል አቅም ያገግማል፤ ሰውየው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ድሮ የመከላከል አቅም እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን በምርመራ የተገኘ ሰው ሁሉ ሳይቆይ እንዲጀምር ይደረጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ እስኪሆን ይወርዳል። እዚህ ደረጃ ደርሶ በዚያው የጸና ሰው በግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አረጋግጧል። እዚያ መድረሱን የሚናገረው ግን የቫይረስ መጠን ምርመራው ነው፤ በግምት አይሆንም። እስከዚያው ባልና ሚስት ኮንዶም እንዲጠቀሙ ሐኪም ይመክራል።

ነፍሰ ጡር እናትም እንዲሁ። ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናት መድኃኒቷን ስትወስድና ሕፃኑ ሲከታተል ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። አንዲት እናት በሐፍረት ምክንያት የእርግዝና ክትትል ስትቀር የምናጣው አንድን ሕፃን ጭምር ነው።

«ቁርኣን አስቀርቼ ድኛለሁ፤ ክኒኑን ልተወው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ወንድሜ፣ ቁርኣን ሺፋ ነው፤ ዱዓም መሣሪያችን ነው። ግን መድኃኒት መፈለግን ያስተማሩን ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ዑመርም (ረ.ዐ) ለሙዐይቂብ ዱዓ አድርገው ብቻ አልተቀመጡም፤ ሰው ጠየቁ፣ ሐኪም አስመጡ። ተወኩል ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ስለዚህ ቁርኣንም ይቀራል፣ ዱዓም ይደረጋል፣ ክኒኑም ይዋጣል። ጥሩ ስሜት የተሰማህ መድኃኒቱ ስለሠራ ነው፤ ስታቋርጠው ቫይረሱ ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ደግሞ ሐንዘሉን ለኤችአይቪ ፈልጉ ማለታችን እንዳይመስላችሁ! የዘመናችን ሐንዘል ጤና ጣቢያ ያለው ክኒን ነው።

ረመዳንስ? ለብዙዎች መድኃኒቱ በቀን 1 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻላል። ወሩ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ። በጠና የታመመ ሰው ደግሞ ሸሪዓው ራሱ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ማዕድ

ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እያለ ሰው የሚያቋርጠው ለምንድን ነው? መንገዱ ሊርቅ፣ የትራንስፖርት ሊያጥር ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን እንደ ጓደኞቹን እንደሚፈራው ወጣት «ማን ያየኛል?» በሚል ነው። ሐኪሙ ሰውየውን በወራት አንዴ ያየዋል። ቀሪዎቹን ቀናት ሁሉ አብረነው ያለነው እኛ ነን፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ እድሩ፣ ጀመዓው።

ለዚህ ነው አገልግሎቱ ወደ ሰፈር መውረድ ያስፈለገው። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። በጤና ጣቢያዎች ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች አዲስ ለጀመረው ያጽናናሉ፤ የጠፋውን ፈልገው ይመልሳሉ። ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች ሌሎች ነፍሰ ጡሮችን የሚደግፉበት ቡድን አለ። ሕክምናው የተረጋጋለት ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በአንዳንድ ቦታም ታካሚዎች በቡድን ሆነው መድኃኒታቸውን በሰፈራቸው ይቀበላሉ።

ዲን ያላቸው ሰዎች ሲገቡበት ምን ያህል እንደሚለወጥ ከጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ ምሳሌ አለ። በዩጋንዳ የሙስሊም ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1988 ተመሠረተ። በቀጣዩ ዓመት የሀገሪቱን የሙስሊም መሪዎች ስለ ኤድስ ለማስተማር ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በኢማሞች በኩል ቤተሰብን የማስተማር ሥራ ጀመረ። ኢማሞቹና ረዳቶቻቸው፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ሠልጥነው በየመስጂዳቸው ዙሪያ ያሉ ቤቶችን ይጎበኙ ነበር።

ሲጀምሩ ኅብረተሰቡን ጠየቁ። ሰዉ ያላስተዋላቸው ሁለት አደጋዎችም ተገኙ። አንዱ፣ ብዙ ልጆችን በአንድ ምላጭ መግረዝ ነው። ሌላው፣ ጀናዛ ሲታጠብ ያለ ጓንት ደም መንካት ነው። እነዚህን ከሆስፒታል ወንበር ሆኖ የሚያይ ሐኪም ላይደርስባቸው ይችላል፤ የመስጂዱ ሰው ግን በየሳምንቱ ያያቸዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምላጭ፣ ለጀናዛ አጣቢ ጓንት፣ ይኸው ነው መፍትሔው። ስለ ኮንዶምም መሪዎቹ ብዙ ተከራክረዋል፤ ክርክሩን ግን ተቀምጠው አደረጉት፣ ጉዳዩን አልሸሹትም። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሌሎች አርአያ አድርጎ አሳትሞታል።

የኛስ መስጂድ? የኛስ ጀመዓ?

ስለ ማዕዱ አንድ ነገር እንጨምር። በዑመር ዘመን የሰዎቹ ፍርሃት ምክንያት ነበረው፤ ስለ ሥጋ ደዌ መጠንቀቅ በሐዲስም መጥቷል። ኤችአይቪ ግን አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ መስገጃ በመስገድ፣ በአንድ ቧንቧ ዉዱእ በማድረግ አይተላለፍም። እነሱ የሚፈሩት ነገር ኖሮ ማዕድ ካልለዩ፣ እኛ የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ኩባያ የምንለየው ምን ብለን ነው?

«በዚና ነው ያመጣው» የሚልም አለ። ማን ነገረህ? ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የተወለደች ልጅ አለች። ባሏን አምና የኖረች እህት አለች። ተገዳ የተደፈረች አለች። በወጣትነቱ ተሳስቶ ወደ አላህ የተመለሰም አለ፤ የተውበትን በር አንተ አልከፈትከውም፣ አንተ አትዘጋውም። የሰውን ነውር የሸፈነ አላህ የሱን ነውር እንደሚሸፍንለት ተምረናል። የሰውን ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ መወርወር ግን ጊባ ነው፤ ያ ሰው በሐፍረት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ደግሞ የደሙ ጥያቄ አለብን።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

1. ተመርምረህ የማታውቅ ከሆነ፣ ወይም ከመጨረሻው ምርመራህ ወዲህ የሚያሰጋ ነገር ካለ፣ ቀን ቁረጥና ሂድ። ከጓደኛ ጋር መሄድ ይቀላል።

2. በሰፈራችሁ መስጂድ ያሉ ኢማም ወይም ኡስታዝ ጋ በአደብ ቀርባችሁ፣ ከጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ ተጋብዞ ለወጣቱ እንዲያስተምር ጠይቁ። ለሴቶች ሴት ባለሙያ ትኑር።

3. በጀመዓችሁ የጀናዛ አጣቢዎች ጓንት እንዳላቸው እዩ። ከሌለ ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ ሰደቃ ነው።

4. አንድ ሰው ሚስጥሩን ቢነግራችሁ አማና ነው። ለእናታችሁም አትንገሩ። «መድኃኒትህን ስንት ሰዓት ነው የምትወስደው? ላስታውስህ?» በሉት። የቀጠሮው ቀን የትራንስፖርት ቢቸግረው በዝምታ ሙሉለት።

5. አብራችሁ ብሉ። ይህ ገንዘብም ሥልጠናም አይጠይቅም።

አሁን ወደዚያ ወጣት እንመለስ። ሚስጥሩን ለማንም የመንገር ግዴታ የለበትም፤ ለሚያገባት ሴት ግን እውነቱን መናገር አለበት። ከሦስቱ ጓደኞቹ አንዱ ይህን ያነበበ ቢሆን ምን ሊለወጥ እንደሚችል አስቡ። ስለ ሕመሙ ምንም ሳይጠይቅ፣ አንድ ማታ ራት ላይ ስለ ሙዐይቂብ ታሪክ ቢያነሳ፣ «እኔ ብሆን እንደ ዑመር አብሬው እበላ ነበር» ቢል ይበቃል። ወጣቱ ይሰማል። ምናልባት በዚያው ሌሊት ክኒኑን በጊዜው ይውጣል። ምናልባት ከወር በኋላ ጥጡን ከብልቃጡ ያወጣዋል።

ያ ጓደኛ እያንዳንዳችን ልንሆን እንችላለን።

ያ አላህ፣ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን ስጣቸው። በሽታው ያልጠፋላቸውን በመድኃኒቱ ሰበብ አቁምላቸው። ነውራችንን ሸፍንልን፤ የሌላውን ነውር የምንሸፍን አድርገን። በዛሬዋ ጁሙዓ ዱዓ ተቀባይነት በሚያገኝባት ሰዓት በፍርሃት ለተቀመጡት እህት ወንድሞቻችን ልባቸውን አጽናላቸው። አሚን።